በ35 ዲግሪ ሙቀት ጥሩ ቢራ መሸጥ፦ የቬትናም ክራፍት ቢራ ገበያ እንዴት ይሠራል?

ቬትናም በዓመት 4 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ቢራ ትጠጣለች። ሕዝቧ ወደ 100 ሚሊዮን ስለሚጠጋ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ለአንድ ሰው 40 ሊትር ያህል ይደርሳል። አብዛኛው ቢራ ርካሽ ነው። ሃኖይ ውስጥ ሰዎች መንገድ ዳር በትንንሽ የፕላስቲክ በርጩማ ተደርድረው የሚጠጡት ድራፍት፣ በአገሬው አጠራር ቢያ ኸይ፣ አንዱ ብርጭቆ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ዶንግ ይሸጣል። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ25 ሺህ ዶንግ በላይ ስለሚመነዘር ዋጋው ከግማሽ ዶላር ብዙም አይርቅም። እዚያው ከተማ ክራፍት ቢራ የሚቀዳበት ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ የሚያዝ ሰው ግን ከ90 ሺህ እስከ 130 ሺህ ዶንግ ይከፍላል።

ክራፍት ቢራ ስንል ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልያዟቸው አነስተኛ ጠማቂዎች በትንሽ መጠን፣ በብዙ ዓይነት፣ ብቅልና ሆፕስ (ቢራን የሚያመርርና ሽታ የሚሰጥ አበባ) ሳይሰስቱ የሚጠምቁትን ማለታችን ነው። የዋጋው ልዩነት እንዴት ገበያ አገኘ ሲባል የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ወጣቱ ገንዘብ አገኘ፣ ምርጫውም ተለወጠ» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። ሆፕስ በማይበቅልበት፣ የቧንቧ ውሃው ራሱ ለብ ባለበት፣ ቢራ በሞተር ሳይክል ጀርባ ከፀሐይ ጋር በሚጓዝበት አገር ጠጪው ያን ያህል የሚከፍለው ከጋን እስከ ብርጭቆ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ለደረሰ ቢራ ነው። በዚህ ገበያ ያደጉትም የወደቁትም በአብዛኛው በቅዝቃዜና በግብር ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባዶ ሜዳ አልነበረም

ሳይጎን፣ ዛሬ ሆ ቺ ሚን የምትባለው ከተማ፣ የቢራ ታሪኳን የምትቆጥረው ፈረንሳዊው ቪክቶር ላሩ በ1875 ከከፈተው አነስተኛ መጥመቂያ ነው። ከዚያ ያደገው ኩባንያ ቢራና በረዶ አብሮ ያመርት ነበር፤ በዚያ ሙቀት አንዱ ያለ ሌላው አይሸጥምና። ስሙ «የኢንዶቺና የቢራና የበረዶ ፋብሪካዎች» ሲሆን የፈረንሳይኛው ምኅጻር ቢጂአይ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ስም እንግዳ አይደለም። የፈረንሳዩ ካስቴል በ1990 ቢጂአይን ገዛ፤ በ1998 የአዲስ አበባውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሲይዝም የገባው በዚሁ ስም ነው።

ሰሜኑ የራሱን መንገድ ሄደ። ሃኖይ ውስጥ በ1890 የተከፈተው የኦሜል መጥመቂያ ፈረንሳዮች ከወጡ በኋላ በመንግሥት እጅ ገብቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቼኮስሎቫኪያ ባለሙያዎች እገዛ እንደገና ቢራ ማውጣት ጀመረ። ጠርሙስ እጥረት ስለነበር በበርሜል የሚወጣው ድራፍት የከተማው ዋና መጠጥ ሆነ። ቢያ ኸይ አልኮሉ ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው፤ በሙቀት አይታከምም፤ ማቆያ አይገባበትም፤ ጠዋት ይመጣና ማታ ማለቅ አለበት። ያደረ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ሻጩም ጠጪውም ትኩስና የቆየ ቢራ መለየት የሚያውቁት ክራፍት የሚል ቃል ከመምጣቱ በፊት ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በቼኮስሎቫኪያና በምሥራቅ ጀርመን ተምረው ወይም ፋብሪካ ሠርተው የተመለሱ ቬትናማውያን ትልልቅ የቢራ አዳራሾችን ከፈቱ። የመዳብ ጋኑ በመስታወት በኩል ይታያል፤ የሚቀዳው ሁለት ዓይነት ነው፣ ቢጫና ጥቁር ላገር፤ ላገር በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚፈላ የቢራ ዓይነት ነው። ሳይጎን ያለው ሆዋ ቪየን ከታወቁት አንዱ ነው። ክራፍት የሚለውን ስም ማንም አልሰጣቸውም፤ ሥራው ግን ያው ነበር። ለኋለኞቹ የተረፋቸውም ትልቅ ነገር ነው፤ አይዝጌ ብረት ታንክ የሚበይዱ ወርክሾፖች፣ ብቅልና ሆፕስ የሚያስመጡ ነጋዴዎች፣ ጠመቃ የሚያውቁ እጆች።

በጥር 2015 ሳይጎን ውስጥ ከፓስተር ጎዳና በሚታጠፍ ጠባብ ቅያስ ፓስተር ስትሪት ብሩዊንግ ተከፈተ። ጠማቂው አሌክስ ቫዮሌት ከአሜሪካ ኮሎራዶ የመጣ ባለሙያ ነበር፤ መለያቸው የሆነው ጃስሚን አይፒኤ (አይፒኤ ሆፕስ የበዛበት መራራ ቢራ ነው) 6.5 በመቶ አልኮል አለው። በ2016 «ማሩ» ከተባለው የቬትናም ቸኮሌት አምራች የመጣ ካካዎ የገባበት፣ ስታውት የተባለ ጥቁር ቢራቸው በዓለም የቢራ ዋንጫ ውድድር በቸኮሌት ቢራ ዘርፍ ወርቅ ወሰደ። በዚያው ዓመት ሃኖይ ላይ ፈርብሩ፣ ሳይጎን ላይ ሃርት ኦፍ ዳርክነስ፣ በ2017 መጀመሪያ ኢስት ዌስት፣ ከዚያ ዳናንግ ላይ ሰቨን ብሪጅስ ተከታተሉ። መሥራቾቹ በብዛት የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ መጀመሪያ ላይ ጠጪዎቹም እንዲሁ። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ግን ወንበሩን የያዙት የከተማው ወጣት ቬትናማውያን ናቸው።

ከብቅሉ እስከ ጋኑ

አንድ ሺህ ሊትር 6.5 በመቶ አይፒኤ ለማውጣት ከ230 እስከ 260 ኪሎ የገብስ ብቅል ያስፈልጋል። ከሩዝ ጋር የሚጠመቅ ቀላል ላገር በ150 ኪሎ እህል ይወጣል። ትልቁ ልዩነት ግን ሆፕስ ላይ ነው። ሆፕስ ጌሾ በጠላ ውስጥ የሚሠራውን፣ ማምረርንና ከመበላሸት መጠበቅን፣ ለቢራ የሚሠራ አበባ ነው፤ በዚያ ላይ የአይፒኤን የፍራፍሬና የሙጫ ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው። ቀላል ላገር ለሺህ ሊትር ከአንድ ኪሎ ያነሰ ሆፕስ ይበቃዋል፤ አይፒኤ ከ8 እስከ 15 ኪሎ ይበላል። የሚታሰበው የሆፕሱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ቢራው በእርሾ ከፈላ በኋላ የሚጨመር ደረቅ ሆፕስ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ አንዱ ኪሎ ከአምስት ሊትር በላይ ቢራ ይዞ ከታንኩ ሥር ይቀራል። አሥር ኪሎ ሆፕስ የጨመረ ሰው ከ50 ሊትር በላይ የተጠመቀ ቢራ ለፍሳሽ ሰጠ ማለት ነው።

ሆፕስ ረጅም የበጋ ቀን ስለሚፈልግ ደህና አድርጎ የሚያፈራው ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ኬክሮስ ባለው ምድር ነው። ቬትናም ከዚያ በጣም ወደ ደቡብ ናት። ስለዚህ ሆፕሱ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከአውስትራሊያ ወይም ከኒውዚላንድ ይመጣል፤ ብቅሉም ከውጭ ነው። ሆፕስ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ ከ4 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። ወደብ ላይ አንድ ሳምንት ፀሐይ የመታው ኮንቴይነር መራራነቱን ያሳጣዋል፤ ሽታውም ወደ አሮጌ አይብ ይሄዳል። ከረጢቱን ከፍቶ ሳያሸቱ መጠቀም ሙሉ ጥንስስ ማበላሸት ነው። ብቅል ደግሞ እርጥበት ይፈራል። እርጥበቱ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ወፍጮ ላይ ይለጠጣል፣ ነቀዝም ይገባዋል። በሳይጎን የዝናብ ወራት የተከፈተ ከረጢት በጥብቅ በርሜል ካልተዘጋ በሳምንታት ውስጥ ለዚህ ይዳረጋል።

የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ከ66 እስከ 67 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ከ70 ካለፈ ቢራው ይወፍራል፣ ጣፋጭነት ይቀረዋል፤ ከ64 ካነሰ ቀጭንና ደረቅ ይሆናል። ስንዴ ወይም ሩዝ የበዛበት ድብልቅ ሊጥ ሆኖ ማጥለያውን ሊደፍነው ይችላል። መፍትሔው ቬትናም ውስጥ ከምንም የረከሰ ነው፤ ከእህሉ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ የታጠበ የሩዝ ቅርፊት መቀላቀል። ሩዙ ራሱ ስታርቹ የሚለሰልሰው ከብቅሉ ከፍ ባለ ሙቀት ስለሆነ ለብቻው ተቀቅሎ መግባት አለበት። ይህን ረስተው ጥሬ ሩዝ የሚጨምሩ ሰዎች ስኳሩን ሳያወጡ ሩዙን ለአተላ ይሰጡታል። ውሃውም በከሰል ማጣሪያ ካላለፈ ክሎሪኑ ከብቅሉ ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋሕዶ የቁስል ፕላስተር የሚመስል ሽታ ያወጣል፤ ይህ ሽታ አንዴ ከገባ አይወጣም።

ጣፋጩ የብቅል ውሃ ተጠልሎ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ከሆፕስ ጋር ይፈላል። እስከዚህ ድረስ ሥራው ሃኖይም ሆነ ሙኒክ ያው ነው። የአገሩ ጠባይ የሚገለጠው እሳቱ ሲጠፋ ነው።

የሚፈላውን ፈሳሽ ወደ 18 ወይም 20 ዲግሪ በፍጥነት ማውረድ ያስፈልጋል፤ ከ45 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ቀዝቃዛ አገር ያለ ጠማቂ የቧንቧ ውሃ በሙቀት መለዋወጫው አሳልፎ ይጨርሳል። ሳይጎን ግን የቧንቧ ውሃው ራሱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ የቱንም ያህል ቢያፈሱበት ፈሳሹ ከ33 ወይም ከ35 በታች አይወርድም። ስለዚህ ሁለት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን ሙቀት ይወስዳል፣ ቀጥሎ በቺለር (በማቀዝቀዣ ማሽን) 2 ዲግሪ ድረስ የቀዘቀዘ ውሃ ወይም ግላይኮል የተባለ በቀላሉ የማይረጋ ፈሳሽ ቀሪውን ያወርዳል። የመጀመሪያው ደረጃ ያሞቀውን ውሃ ለሚቀጥለው ጥንስስ በታንክ ማጠራቀም የነዳጅ ወጪ ይቀንሳል። ቺለር ሲገዙ የሚታየው የተለመደ ስህተት መጠኑን ለመፍያ ታንኮቹ ብቻ አስልቶ የማቀዝቀዣ ውሃውን መርሳት ነው። ጥንስስ በሚወጣበት ቀን ቺለሩ ሁለቱንም መሸከም ያቅተዋል፤ በዚያው ሰዓት በሌሎቹ ታንኮች ያለው ቢራ ይሞቃል።

ለቀዘቀዘው ፈሳሽ እርሾ ይጨመርበታል፤ ከዚህ በኋላ መፍላት የምንለው ያለ እሳት፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ ያለውን ነው። እርሾ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ያልቀዘቀዘ አንድ ሺህ ሊትር ታንክ መፍላት በጀመረ በሁለተኛው ቀን ከክፍሉ በብዙ ዲግሪ ይበልጣል። ኤል የሚባለው ዓይነት እርሾ ከ18 እስከ 20፣ ላገር ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይፈልጋል። ከ25 በላይ ሲለቀቅ እርሾው የቀለም ማቅጠኛ የሚሸት፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል አልኮል ይሠራል። ለዚህ ነው ታንኮቹ ባለ ሁለት ግድግዳ ሆነው በመሀሉ ከዜሮ በታች ከ2 እስከ 4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ግላይኮል የሚዞርባቸው። ኤል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ ላገር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ታንክ ይይዛል። ትንንሾቹ ጠማቂዎች በኤል የጀመሩበት ምክንያት ከፋሽን ይልቅ ይህ ሂሳብ ነው፤ በአንድ ታንክ የሚወጣው ቢራ እጥፍ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋስ? በግንቦትና በሰኔ 2023 ሰሜን ቬትናም በድርቅና በሙቀት ምክንያት ኃይል አጥሮት ሃኖይ ጭምር በፈረቃ ጨልማ ነበር። ጄኔሬተር ያለው ናፍጣ አቃጠለ፤ የሌለው መፍላት የጀመረውን ታንክ ተስፋ ቆረጠበት። መፍላቱ ያለቀ ቢራ በደንብ በተሸፈነ ታንክ ውስጥ ለሰዓታት አይጎዳም፤ የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያለው ነው። ስለዚህ አቅም ያነሰው ሰው ጄኔሬተሩን መጀመሪያ ለአዲሱ ታንክ ያገናኛል። ሌላ መውጫም አለ። ክቬክ የተባለው የኖርዌይ ገበሬዎች እርሾ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ፈልቶ ንጹሕ ቢራ ያወጣል። ለሁሉም ዓይነት ቢራ አይሆንም፣ ፒልስነር ለተባለው ቀላል ቢጫ ላገር አይሞከርም፤ ለፍራፍሬ ጠረን ላለው አይፒኤ ግን ለቆላ አገር የተፈጠረ ይመስላል።

ከጋን እስከ ብርጭቆ

ጠማቂዎች ዘንድ አንድ የቆየ መለኪያ አለ፤ 3፣ 30፣ 300። ቢራ በ32 ዲግሪ 3 ቀን ሲቀመጥ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ 300 ቀን እንደተቀመጠ ያህል ያረጃል። ግምታዊ ነው፤ ግን ለሳይጎን ነጋዴ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ቁጥር የለም። መደብር መደርደሪያ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት የቆየ አይፒኤ የሆፕስ ሽታው ጠፍቶ እርጥብ ካርቶን ይቀምሳል። የፋብሪካ ላገር ይህን የሚቋቋመው ፓስቸራይዝ ስለተደረገ፣ ሲታሸግ አየር በጣም ጥቂት ስለሚገባበትና መጀመሪያውኑ የሚጠፋ ሽታ ስለሌለው ነው።

የድራፍት በርሜሉ 20 ወይም 30 ሊትር ነው፤ በብዛት በሞተር ሳይክል ይጓጓዛል። ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ በቀትር አንድ ሰዓት መንገድ የቆየ በርሜል ግድግዳው ይሞቃል፤ መጠጥ ቤቱ ተቀብሎ ወዲያው ከቧንቧው ጋር ካገናኘው አረፋ ብቻ ይተፋል። በ3 ዲግሪ ባለ ቢራ ውስጥ ጋዙን ለማቆየት 0.8 ባር ያህል ግፊት ይበቃል። ያው ቢራ 25 ዲግሪ ሲደርስ ከ2 ባር በላይ ይፈልጋል፤ ግፊቱ ከሌለ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ቀጂዎች አረፋ ሲያዩ የጋዙን ግፊት ይቀንሳሉ። ለአንድ ሰዓት የተስተካከለ ይመስላል፤ በሁለተኛው ቀን ቢራው ጋዝ አልቆበት ውሃ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ በርሜሉን ለ24 ሰዓት በማቀዝቀዣ ማሳረፍ፣ ግፊቱን አለመንካት፣ ቱቦውንም ከበርሜሉ ጋር ማቀዝቀዝ ነው። ቱቦው ከ2 እስከ 3 ሜትር ርዝመት ኖሮት ውስጡ 5 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ግፊቱ በመንገድ ላይ ይበርዳል። አጭርና ሰፊ ቱቦ ይረጫል።

የአረፋ ነገር ተራ ቢመስልም የሱቁ ትርፍ እዚያ ነው ያለው። 20 ሊትር በርሜል በ330 ሚሊ ብርጭቆ 60 ብርጭቆ ይሆናል። አሥር በመቶ ቢባክን 54 ይቀራል፤ ሃያ በመቶ ቢባክን 48። ብርጭቆው 100 ሺህ ዶንግ ከሆነ የስድስቱ ብርጭቆ ልዩነት በአንድ በርሜል 600 ሺህ ዶንግ ነው፤ ቱቦ አሳጥሮ የተቆጠበው ገንዘብ ከዚህ አጠገብ አይደርስም።

ቱቦው በየሁለት ሳምንቱ በ2 በመቶ ካስቲክ ለ15 ደቂቃ ተዙሮበት በብዙ ውሃ መታጠብ፣ የቧንቧው አፍም ተፈትቶ መቦረሽ አለበት። የኮመጠጠ ወይም የቀለጠ ቅቤ የሚሸት ድራፍት ሲያጋጥም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው፤ ጠማቂው በኋላ ይጠየቃል። ብርጭቆው ደግሞ በዕቃ ሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ አረፋው ወዲያው ይሞታል። በረዶን በተመለከተ ቬትናም ውስጥ ቢራ ላይ በረዶ መጨመር የተለመደ ነው፤ ለቀላል ላገርና ለቢያ ኸይ ምንም ነውር የለውም፣ እንዲያውም ለዚያ ሙቀት ተገቢ ነው። 6.5 በመቶ አይፒኤ ላይ ሲጨመር ግን የተከፈለበትን ሆፕስ ያቀጥነዋል። አስተዋይ ቀጂ ጠጪውን አያስተምርም፤ ብርጭቆውን አቀዝቅዞ ያቀርብለታል።

ፍራፍሬውና አደጋው

የአገሩ ጥሬ ዕቃ ለክራፍቱ መለያ ሆኗል፤ ጃስሚን፣ ፓሽን ፍሩት፣ ፖሜሎ፣ የሎሚ ሣር፣ የፉ ኩዎክ ቁንዶ በርበሬ፣ የዳላት ቡና፣ የሜኮንግ ዴልታ ካካዎ። ለውጭ ሰው ማራኪ ነው፤ ለአገሬው ሰውም የማያውቀውን መራራ መጠጥ በሚያውቀው ሽታ ያስተዋውቀዋል። ደረቅ ጃስሚን እሳት ላይ መፍላቱ ሊያበቃ ሲል ከ1 እስከ 2 ግራም በሊትር ይገባል፤ እሳት ላይ ረጅም ጊዜ ከፈላ ሽታው በኖ የቆየ ሻይ ምሬት ይቀራል። የካካዎ ስብ የአረፋ ጠላት ስለሆነ የተቆላው ፍሬ ተፈርክሶ ቢራው በእርሾ ከፈላ በኋላ በቀዝቃዛው ይዘፈዘፋል።

አደገኛው ስኳር ያለው ፍራፍሬ ነው። በሺህ ሊትር 100 ኪሎ የፓሽን ፍሩት ጭማቂ ቢገባ ወደ 10 ኪሎ ስኳር ይዞ ይመጣል፤ ያ በሊትር 10 ግራም ነው። ስኳሩ ታንክ ውስጥ ሳያልቅ ቢራው ጠርሙስ ከገባ እርሾው መብላቱን ይቀጥልና በሊትር 5 ግራም ያህል ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል። ቢራው መጀመሪያውኑ የያዘው ጋዝ ከዚህ ጋር እኩል ስለሆነ ውስጡ ያለው እጥፍ ይሆናል። በ30 ዲግሪ ሱቅ ውስጥ ተራ ጠርሙስ ይህን አይችልም፤ ይፈነዳል። ጭማቂው መፍላቱ ሊያልቅ ሲል ገብቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሊቆይ፣ የስኳር መለኪያው ለሦስት ተከታታይ ቀናት ያው ቁጥር ሊያሳይ ይገባል። ትዕግሥት የሌለው ጠማቂ ይህን ቢራ በበርሜል ብቻ፣ ከቀዝቃዛ ክፍል ሳያወጣ ይሽጥ።

ግብሩ

ቬትናም ቢራ ላይ የምትጥለው ልዩ የፍጆታ ታክስ፣ እኛ ኤክሳይስ የምንለው፣ ከ2018 ጀምሮ 65 በመቶ ነው። የሚሰላው በሊትር ሳይሆን አምራቹ በሚሸጥበት ዋጋ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ለምሳሌ አንድ ትልቅ ፋብሪካ አንዱን ሊትር ላገር ያለ ግብር 10 ሺህ ዶንግ ቢያወጣው ኤክሳይሱ 6,500 ይሆንና 16,500 ይደርሳል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲገባ 18,150። አንድ ትንሽ ጠማቂ ውድ ሆፕስ፣ ብዙ ብቅል፣ ብዙ ቅዝቃዜ ተጠቅሞ ሊትሩን በ40 ሺህ ቢያወጣው ኤክሳይሱ 26 ሺህ ነው፤ 66 ሺህ ይሆንና በመጨረሻ 72,600 ይደርሳል። ከመቶው ያለው ድርሻ እኩል ነው፤ በሊትር ሲታይ ግን ትልቁ 8,150፣ ትንሹ 32,600 ዶንግ ግብር ከፈለ። ጥራት ለመጨመር የወጣች እያንዳንዷ ዶንግ ግብር ተጨምሮባት ወደ ሁለት ዶንግ ተጠግታ ነው መጠጥ ቤት የምትደርሰው። ብዙ አገሮች ለትንንሽ ጠማቂዎች የተቀነሰ ተመን አላቸው፤ የቬትናም ሕግ ለትንሽና ለትልቅ አይለይም።

በሌላ በኩል ትንሽ ፋብሪካ መክፈቱ ራሱ ከጎረቤት ይልቅ ይቀላል። ታይላንድ ለዓመታት 10 ሚሊዮን ባት ካፒታል ትጠይቅ ነበር፤ በዚያ ላይ ጠምቆ እዚያው የሚሸጥ ቤት በዓመት ቢያንስ 100 ሺህ ሊትር፣ በጠርሙስ የሚያሽግ 10 ሚሊዮን ሊትር ማምረት አለበት የሚል ደንብ ነበራት። የታይላንድ ጠማቂዎች ካምቦዲያና ቬትናም ሄደው አስጠምቀው የራሳቸውን ቢራ እንደ ባዕድ ዕቃ ቀረጥ ከፍለው ያስገቡ ነበር። ደንቡ የላላው በኅዳር 2022 ነው።

ቬትናም ውስጥም ቢሆን ስም ያላቸው ሁሉ ፋብሪካ የላቸውም። ብዙዎቹ የሌላ ሰው ታንክ ተከራይተው ያስጠምቃሉ። ይህ ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው፤ ግን ውሉ ላይ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት፤ እርሾውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ታንክ ሲጠብ ቅድሚያው የማን እንደሆነ፣ የተበላሸ ጥንስስ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጠቡ የሚነሳው ሽያጭ በሚደራበት በቴት፣ በጨረቃ አቆጣጠር አዲስ ዓመት ሰሞን ነው።

ጠጪው እንዴት ቤቱ ይገባል?

ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የሠራው ደንብ ቁጥር 100 አሽከርካሪ ደም ውስጥ ያለው አልኮል ዜሮ እንዲሆን አዘዘ፤ ከ2025 ጀምሮ ደንቡ በሌላ ቢተካም ግዴታው እንዳለ ነው። ከ70 ሚሊዮን በላይ ሞተር ሳይክል በተመዘገበበት አገር ይህ እያንዳንዱን ጠጪ ይነካል። ለሞተረኛ ዝቅተኛው ቅጣት ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዶንግ ነው፤ ይኸውም ከሃያ እስከ ሠላሳ ብርጭቆ ክራፍት የሚያህል ገንዘብ ማለት ነው፤ በደንብ ቁጥር 100 መንጃ ፈቃድም ይታገድ ነበር። ሕይወት ያተረፈ ሕግ ነው፤ መንገዱን ያየ ሰው አይከራከረውም። ለመጠጥ ቤቶች ግን መጀመሪያ የመታቸው የቢያ ኸይ ሰፈሮችን ነው። ክራፍት ቤቶች መሀል ከተማ ስላሉና ደንበኛቸው ቀድሞውንም በስልክ ሞተር ወይም ታክሲ የሚጠራ ስለሆነ በመጠኑ ተርፈዋል።

ብዙም ሳይቆይ ወረርሽኙ መጣ። ሳይጎን በ2021 ከሐምሌ እስከ መስከረም ስትዘጋ በበርሜል ብቻ የሚሸጡት ገቢያቸው በአንድ ቀን ዜሮ ሆነ፤ ቀዝቃዛ ክፍላቸው ግን መብራት መብላቱን አላቆመም። ከዚያ በኋላ ጣሳ ማሸጊያ መግዛት እንደ ቅንጦት አይታይም። ጣሳ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሲሞላ የሚገባ ጥቂት አየር አይፒኤውን በሳምንታት ያበላሸዋል፤ ጣሳው በሱፐርማርኬት ሞቃት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ያ 3፣ 30፣ 300 ተመልሶ ይመጣል። ጠንቃቆቹ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሱቅ አይሰጡም፤ ወይም የራሳቸውን ማቀዝቀዣ አብረው ያስቀምጣሉ።

ትልልቆቹ አሁንም ትልልቅ ናቸው። ሄኒከን፣ ሳቤኮ፣ ሃቤኮና ካርልስበርግ ገበያውን ይዘውታል። የታይላንዱ ታይቤቭ በ2017 መጨረሻ ከሳቤኮ 53.59 በመቶ ድርሻ ለመግዛት 4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል፤ ከዚህ አንጻር ክራፍቱ ሁሉ ተደምሮ ጠብታ ነው። ሆኖም ሰኔ 2025 የጸደቀው አዲስ የኤክሳይስ ሕግ ሁለቱንም ይመለከታል። ተመኑ በ2026 በ65 በመቶ ይቆይና ከ2027 በ70 ጀምሮ በየዓመቱ 5 በመቶ እየጨመረ በ2031 90 ይደርሳል። ከላይ ያለው 40 ሺህ ዶንግ የሚያወጣ ሊትር ያን ጊዜ 83,600 ይሆናል። በብርጭቆ ሲከፋፈል ጭማሪው 3,600 ዶንግ ገደማ ነው። መቶ ሺህ የሚከፍለው የክራፍት ጠጪ ላያስተውለው ይችላል። 12 ሺህ ዶንግ ለሚሸጥ ቢያ ኸይ ግን ጭማሪው በዶንግ ቢያንስም ጠጪው እያንዳንዷን ሺህ ስለሚቆጥር በዚህ ግብር ቀድሞ የሚጎዳው በርጩማው ላይ ያለው ሳይሆን አይቀርም። ለክራፍቱ የሚከብደው የታንክ፣ የቺለርና የጄኔሬተር ብድር የያዘውና ዋጋ መጨመር የፈራው ጠማቂ ጭማሪውን ከራሱ ኪስ ሲከፍል ነው፤ ግብሩ እሱ በቀነሰው ዋጋ ላይ ስለሚሰላ በአንድ ባለ 20 ሊትር በርሜል ወደ 105 ሺህ ዶንግ ይሆንበታል።